ከጣፋጭ ካርቶን የተሰፋው አልበም

ዐረብ አገር፣ አማን ከተማ በነበርኩባቸው ዓመታት ጀበል አል-ወይብደህ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ በሰዓት ነው፤ የሰው ቤት አጸዳለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ዓርብ አርፋለሁ። አገሬ ሳለሁ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። እዚያ በሰው ቤት ከሚሠሩት የአገሬ ልጆች በዕድሜ ከፍ ስለምል እትዬ ይሉኛል። ዓርብ ፈቃድ የሚያገኙ ልጆች እኔ ዘንድ ይሰበሰቡና ምሳ በልተው፣ ፀጉር ተሠርተው፣ ተጫውተው፣ ሳይመሽ ወደየአሠሪዎቻቸው ይመለሳሉ።

ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ አንድ ካፖርት ተሰቅሎ ነበር። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ትልልቅ ቁልፍ የተደረደረበት የሱፍ ካፖርት ነው። አንዲት አሠሪዬ ነበረች የሰጠችኝ። እኔ ለብሼው የወጣሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። የለበሱት ልጆቹ ናቸው፤ እነሱም ለብርድ ሳይሆን ለፎቶግራፍ። አገር ቤት ፎቶ መላክ የፈለገች ሁሉ ካፖርቱን ትደርባለች፣ የአንዷን ቦርሳ ታንጠለጥላለች፣ የሌላዋን ጫማ ታጠልቃለች፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዳ ፎቶ ቤት ትገባለች። በኋላ ስንቆጥር በዚያ ካፖርት ሰባት ሴቶች ተነሥተውበታል። ማናችንም ክፉ ነገር ነው ብለን አላሰብነውም። ወላጅ ደስ ይበለው ነው። እኔም ራሴ ኮሌታውን እያስተካከልኩ፣ አቧራውን እያራገፍኩ ነበር የማለብሳቸው።

ከሰባቱ አንዷ አብዱን በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ የደብረ ብርሃን ልጅ ነበረች። የዓመት ከመንፈቅ ሴት ልጇን ለታላቅ እህቷ ትታ ነው የመጣችው። ማዳሟ ዓርብ ዓርብ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ በመኪና እኔ ዘንድ ታደርሳትና ፀሐይ ስትጠልቅ መልሳ ትወስዳታለች። ዝምተኛ ነበረች። እጇ ግን ሥራ አይፈታም፤ እያወራች እንኳ ብርቱካን ትልጣለች ወይም ካልሲ ትሰፋለች።

በየዓመቱ መስከረም ላይ እህቷ የልጅቷን የእግር ልክ ትልክላታለች። ይህ ሁላችንም የምናውቀው ወግ ነው። ልጁን ደብተር ወረቀት ላይ በባዶ እግሩ ያቆሙትና ዙሪያውን በእርሳስ ያሠምራሉ፤ ወረቀቱ በመንገደኛ እጅ ይመጣል፤ ጫማው በዚያ ልክ ይገዛል። ጥበቡ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ልኩ ያንስና ጫማው ይጠብባል። የመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ ሆኖ ጫማው ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ። ሌሎቹ ጫማውን ከገዙ በኋላ ወረቀቱን ይጥሉታል። እሷ አንዱንም አልጣለችም። አማን ከመጣች አራት ዓመት ሲሆናት አራት እግር ነበራት፤ አንዱ ከአንዱ እየበለጠ የሚሄድ።

የእኛ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ከከተማው ዳር ሳሃብ በሚባል ቦታ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በጽዳት የምትሠራ ሌላ የደብረ ብርሃን ልጅ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ሆነ። የዚያን ዓመት ጫማ ይዛላት እንድትሄድ ተነጋገሩ። እኔ ደግሞ፣ አገራችሁ ብርድ ነው ብዬ ካፖርቱን ለመንገደኛዋ ሰጠኋት። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ቀን የአብዱኗ ልጅ መጣችና፣ ከእህቷ ጋር በስልክ ያወራችውን ነገረችን። እንግዳዋ ጫማውን ይዛ ቤቱ ስትደርስ ልጅቷ በር ላይ ትጫወት ኖሯል። ካፖርቱን ስታይ «እማዬ መጣች» ብላ ሮጣ ተጠመጠመችባት። እኔ አይደለሁም፣ የእናትሽ ጓደኛ ነኝ ብትላት አልሰማችም። ከዚያ እንግዳዋ ካፖርቱን አውልቃ ሰቀለችና ተቀመጠች። ልጅቷ እንግዳዋን ትታ ካፖርቱ ሥር ሄዳ ቆመች።

ልጆቹ ሳቁ። አንዷ፣ «እንግዲህ እናትየዋ ካፖርቱ ነዋ» አለች። ሌላዋ ደግሞ፣ «አንቺማ በከንቱ ነው ያማጥሽው» አለቻት። እሷም አብራ ሳቀች። ብርቱካኑን ልጣ ጨረሰች፣ ለየሰዉ አካፈለች፣ ልጣጩን አንድ ላይ ሰበሰበች። ሌሎቹ ወደ ፀጉር ሥራቸው ሲመለሱ ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«እትዬ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስገባ ባታውቀኝስ?»

ካፖርቱ የእኔ ነበር።

የሚቀጥለው ዓርብ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ መጣች። ማዳሟ አዲስ ሥራ ይዛለች አለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ጓደኞቿ ይመጡና ትልቁን የምግብ ጠረጴዛ ከብበው ተቀምጠው ስክራፕ ቡክ የሚሉትን ይሠራሉ። ከውጭ የመጣ አበባ አበባ ወረቀት አላቸው፣ ማኅተም አላቸው፣ ጠርዙን እያወዛወዘ የሚቆርጥ መቀስ አላቸው። እሷ ሻይ እያቀረበች ታያለች። ማዳም የለጠፈችው ፎቶ ብቻ አይደለም። ልጇ ሲወለድ እጁ ላይ ታስሮ የነበረውን የሐኪም ቤት ክር፣ መጀመሪያ የተቆረጠ ፀጉሩን፣ የበሉበትን ምግብ ቤት ወረቀት ሳይቀር ለጥፋለች።

«የሆነውን ነው የምትለጥፈው» አለችኝ። «እኛ ያልሆነውን ነው የምንልከው።»

ከረጢቱን ፈታችው። እነማዳም ቆርጠው የጣሉት ቅዳጅ ነበር፤ ጣት የምታህል፣ መዳፍ የሚያህል፣ ግማሽ አበባ ያለበት። ከቆሻሻ ቅርጫት ለቅማ በብረት ተኩሳ አቃንታዋለች። ለልጄ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልሠራላት ነው፣ እርስዎ መዝገብ ቤት ሠርተዋልና መስፋቱን ያሳዩኝ አለችኝ። ብዙ ወጪ የለበትም፤ የሚገዛ ነገር ካለ ዱቄት ብቻ ነው አለች።

እውነትም ዱቄት ብቻ ነበር። እዚያ አገር የሚጣለውን ነገር ዓይቶ መለየት የሚችል ሰው ሱቅ አያስፈልገውም። የመጽሐፉን ቅጠል ከጣፋጭ ካርቶን ቆረጥነው፤ የባቅላዋው ዓይነት ካርቶን ጠንካራና ሰፊ ነው፣ ውስጡም ነጭ ነው። የሠርግ ጥሪ ካርዶች ነበሯት፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ የትም የሚወድቁ፣ ወፍራምና በወርቃማ ቀለም ያጌጡ። ጽሕፈት ያለበትን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፋ ክፈፍ ታደርጋቸዋለች። ለበዓል ከሚታደለው ቸኮላት የሚላጠውን ብልጭልጭ ወረቀት በጥፍሯ እየዳመጠች ታቃናለች። የሳሃቧ ልጅ ስትሄድ እኔ ዘንድ የተወችው አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር፤ ለማጽጃ ይሆናል ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። እሷ ከዚያ ውስጥ ባለመስመሩን መርጣ የቅጠሎቹን ጀርባ በሱ ደገፈችው።

ሙጫውን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ በቀስታ እሳት እያማሰሉ ጥርት እስኪል ማብሰል፤ ሲወርድ እንዳይሻግት አንድ ማንኪያ አቼቶ፣ ተባይ እንዳይበላው ትንሽ የተወቀጠ ቅርንፉድ። መዝገብ ቤት እንዲህ ነበር የምንሠራው። መጀመሪያ አወፍራ ቀባችውና ሶብያ የሚሉት ማሞቂያ አጠገብ ስናደርቀው ቅጠሉ ተጣሞ እንደ ጣሪያ ክዳን ቆመ። ውኃ አርከፍክፋ አላቀቀችው። በሚቀጥለው ዓርብ የቀባችው በስሱ ነው፤ በእጇ መዳፍ ከመሃል ወደ ዳር አየሩን እያስወጣች። ከዚያ በሁለት ጣውላ መሃል አስተኝተን የአሥር ኪሎ ሩዝ ከረጢት ጫንበት። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ሩዝ ስፈልግ ከከረጢቱ በጥንቃቄ እየጨለፍኩ ነበር፤ ክብደቱ እንዳይቀንስ ያወጣሁትን ያህል ምስር እጨምርበታለሁ።

አራቱ የእግር ልኮች የመጽሐፉ ዋና ነገር ሆኑ። ለየዓመቱ አንድ እግር፤ እግሩን መሃል ላይ ለጥፋ፣ ዙሪያውን በዚያ ዓመት እሷ ላይ የሆነውን ትደረድራለች። በመጀመሪያው እግር አጠገብ ያደረገችው፣ ማዳሟ ቋንቋ ስታስተምራት የሣለችላትን ወረቀት ነው፤ ሽንኩርት፣ ድንች፣ መጥረጊያ፣ አጠገቡም ስሙ በዐረብኛ። አራት ዓመት ሙሉ ሻንጣዋ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። በሌላው ላይ ካረጀ ሽርጧ ኪሱን ቆርጣ ሰፋችና ኪሱ ውስጥ ከግቢው ዛፍ ያደረቀችውን የወይራ ቅጠል ከተተች። በረዶ የጣለበት ዓመት ነበር፤ ለዚያ ፎቶ አልነበራትም፤ ከሻይ ፓኮ ነጭ ወረቀት ፍርክርክ አድርጋ ጣሪያ ላይ የወረደ በረዶ አደረገችው። እኔ ሠላሳ ዓመት ወረቀት ስነካ ኖሬ ወረቀት እንዲህ እንደሚናገር አላውቅም ነበር።

ችግሩ ፎቶ ነበር። አምስት ፎቶ ነበራት፤ በአምስቱም የሰው ልብስ ለብሳለች፣ በሦስቱ ከጀርባዋ ቀለም የተቀባ ባሕር አለ። እሷ ራሷ የምትገኝበት አንድም አልነበረም። የማዳሟን ትልቅ ሴት ልጅ ለመነቻትና፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጣ አንድ ጊዜ አነሣቻት። አመድማ ሹራቧን ለብሳለች፣ ራሷ ላይ ሻሽ አለ፣ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛለች። የምትስቅ ይመስላል። መጽሐፉ ውስጥ የለጠፈችው እሱን ነው።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ሆነ። አንድ ዓርብ ወደ እኔ ለመምጣት ከቪላው ስትወጣ ማዳሟ ከከረጢቱ የራሷን ወረቀት ቀለም አየችና መኪናውን ሳታስነሣ ክፈቺው አለቻት። እሷም ከረጢቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረገፈችው። ቅዳጁ፣ የቸኮላቱ ወረቀት፣ ከመሃሉም የእግር ልክ። ማዳሟ እግሩን አንሥታ ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። ማዳሟ እግሩን መለሰችላትና መኪናውን አስነሣች። ሰኞ ጠዋት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያ የሚያወዛውዘው መቀስ ተቀምጦ አገኘችው። ስትጨርሺ መልሺው ነው የተባለችው፣ ሌላ ምንም አልተጨመረም። እሷም ስትጨርስ በዘይት ወልውላ መለሰችው።

ቀጥሎ ያለው ገጽ ግን ቤቴ ውስጥ ጸብ አስነሣ። ካፖርቱን ለልጄ መግለጥ አለብኝ አለች። ሰባቱን የካፖርት ፎቶ በአንድ ገጽ መደርደር ፈለገች። ከስድስቱ ጓደኞቿ የሳሃቧ ሄዳለች፤ ፎቶዋ ግን እኔ ዘንድ ነበር። የሌሎቹን ቅጂ ጠየቀቻቸው። በአንድ ድምፅ እምቢ አሉ።

«ገመናችንን ልትልኪው ነው?» አለች አንዷ። «እናቴ ያንን ካፖርት ለዕድርተኛው ሁሉ አሳይታዋለች።»

«ከአገርሽ ሰው ጋር አንድ ቀን ቢገናኙስ?» አለች ሌላዋ። «ለአንቺ ልጅ ብለሽ የኛን እናቶች ልታዋርጂ ነው?»

እሷ አልተከራከረችም። ልክ ናችሁ አለች። ምሳ በላን። ከዚያ የሳሃቧን ልጅ ፎቶ አወጣች፣ ከቸኮላቱ ወርቃማ ወረቀት የፊት ስፋት ያለው ክብ ቆርጣ ፊቷ ላይ ለጠፈችበት፤ ካፖርቱ ብቻ ቀረ። ለሁሉም አሳየቻቸውና እንዲህ ቢሆንስ አለች። ትንሽ ተያዩ። መጀመሪያ እምቢ ያለችው ልጅ ነች ሳቅ የቀደማት፤ እኔ እንዲህ ሆኜማ ከበፊቱ አምሬአለሁ አለች። ፎቶዎቹ መጡ። በገጹ ላይ ሰባት ካፖርት ተደረደረ፤ ስድስቱ ፊታቸው ወርቅ፣ ሦስተኛዋ ብቻ ሰው።

እዚያ ላይ ስትደርስ ብዕሩን ሰጠችኝ፤ የእርስዎ ጽሕፈት ያምራል፣ እርስዎ ይጻፉልኝ አለች። እሷ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፤ ፊደሏ ትልልቅና ወደ ላይ የሚወጣ ነው። የእኔ እጅ ጽሕፈት እውነትም ያምራል። ብዕሩን መለስኩላት። በራስሽ ጻፊ፣ የማን ጽሕፈት እንደሆነ ማወቅ አለባት አልኳት። ዛሬም ያኔ ከሠራሁት ሁሉ እሱን ነው ትክክል የምለው። ከካፖርቶቹ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ካፖርቱ የእትዬ ነው። ሁላችንም ተውሰን ለብሰነዋል። እኔ ሦስተኛዋ ነኝ።»

የመጨረሻውን ቅጠል ባዶ ትታው ነበር። ምን ልታደርግበት እንደሆነ አልነገረችኝም። አንድ ዓርብ፣ ሌሎቹ ሳይመጡ፣ ካርቶኑን መሬት ላይ አነጠፈች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀኝ እግሯን አቆመችበት።

«እነሱ የእሷን ይልኩልኝ የለ» አለች። «ይያዙልኝ እርሳሱን፤ እኔ ካጎነበስኩ እግሬ ይነቃነቃል።»

ተንበረከክሁ። ተረከዟ በሳሙናና በውኃ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ሁለተኛዋ ጣት ከአውራ ጣቷ ትረዝማለች። እርሳሱን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ በሕይወቴ አንድ መስመር እንደዚያ ተጠንቅቄ አሥምሬ አላውቅም። ስጨርስ እግሯን ሳታነሣ ቁልቁል አየችውና፣ አላዘነበለም አይደል ብላ ጠየቀችኝ። አላዘነበለም አልኳት።

ቅጠሎቹን በፍራሽ መርፌ በሦስት በሦስት ቀዳዳ በስተን፣ በሻማ በታሸ ድርብ ክር ሰፋናቸው። ሽፋኑ ከዚያው ከጣፋጭ ካርቶን ነው፤ ከላይ የሳሃቡ ባለመስመር ጨርቅ ለብሷል። ከባድ መጽሐፍ ሆነ። ብዙ የተገዛ አልበም ዓይቻለሁ፤ በምሠራባቸው ቤቶች ቆዳ የለበሱ፣ ስም የተጻፈባቸው ነበሩ፤ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ያንን የመሰለ ግን አላየሁም። በአሮጌ የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ጠቅልለን ወደ አገር ለምትገባ ሴት ሰጠናት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። እህቷ በስልክ መጽሐፉ ደርሷል አለች። ልጅቷ ምን አለች ቢባል ምንም አላለችም። የሰባቱን ካፖርት ገጽ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ዘጋችው። ከወራት በኋላ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ፤ ልጅቷ በየጊዜው መጽሐፉን መሬት ላይ ትከፍትና እናቷ እግር ውስጥ ትቆማለች፣ የቀረውን በጣቷ ትለካለች። እህቷ ይህን ስታወራ ስቃለች። የአብዱኗ ልጅ ግን፣ እግሬን ታውቀው ይሆናል፣ እኔን ማወቋን ነው የማላውቀው አለችኝ።

የመሄጃዋ ዓርብ ልጆቹ ልብስ ይዘው መጡ። አንዷ ጃኬት፣ አንዷ አዲስ ቦርሳ። እሷ አመስግና ሁሉንም መለሰች። ጣሪያ ላይ በተነሣሁበት አመድማ ሹራብ ነው የምሄደው አለች።

«እንደ ሠራተኛ ሆነሽ ልትገቢ ነው?» አለቻት ጃኬት ያመጣችው።

«ሠራተኛ አይደለሁ እንዴ?»

ሻሿን ራሷ ላይ አሰረችና ሻንጣዋን ዘጋች። ስትሰናበተኝ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ያዝኳት።

በአምስተኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንደወትሮው ነበር። ቤት ስትደርስ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አልሮጠችም። ሹራቡን አየች፣ ሻሹን አየች፣ ፊቷንም አየች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። እህትየዋ ተቆጥታ ልትጠራት ስትል መጽሐፉን በሁለት እጇ ታቅፋ ተመለሰች። ደጁ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ከፍታ መሬት ላይ አነጠፈችው።

«አውልቂ» አለቻት።

ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት። የአውሮፕላኑና የአውቶቡሱ መንገድ እግሯን አሳብጦት ነበር፤ ከመስመሩ ትንሽ ዘለለ። ስልኩ ውስጥ፣ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት እትዬ አለችኝ። ልጅቷ ተቀምጣ ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰች። ሁለተኛዋን ጣት ነካች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በየመስከረሙ አክስቷ እሷን እንደምትላት፣

«አድገሻል» አለቻት።

አንቺስ ምን አልሻት ብዬ ጠየቅኋት።

«እርሳስ አምጪ አልኳት።»